ፓወር አምፕሊፋየር ከስፒከሩ ተነስቶ ሲመረጥ

ለቤት ስቴሪዮ ውድ ፓወር አምፕሊፋየር ለመግዛት የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ አምፕሊፋየሩ ነው፦ የትኛው ስም ይበልጣል፣ የትኛው ብዙ ዋት ይሰጣል፣ የትኛው ለስለስ ያለ ድምፅ አለው። በእኔ እምነት የመጀመሪያው ጥያቄ መነሳት ያለበት ከስፒከሩ ነው። አንድ ቤት ውስጥ እንከን የማይወጣለት አምፕሊፋየር ሌላ ቤት ገብቶ ሲንገዳገድ የሚታየው ተበላሽቶ ሳይሆን የተሸከመው ጭነት ስለተለወጠ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት ዕቃ እንደመሆኑ ነገሩን ከሥሩ መረዳት ይጠቅማል። የሚያስፈልገው ሒሳብም ቢሆን ከማባዛትና ከማካፈል ብዙም አያልፍም።

መጀመሪያ የመሣሪያውን ሥራ እንይ። ከሲዲ ማጫወቻ ወይም ከፕሪአምፕሊፋየር (ከፓወር አምፕሊፋየሩ በፊት ሆኖ ምንጩንና የድምፁን ከፍታ ከሚቆጣጠረው መሣሪያ) የሚወጣው ምልክት አንድ ወይም ሁለት ቮልት ቢሆን ነው፤ ከረንቱም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የስፒከሩን ሸራ ገፍቶ አየር ለማንቀሳቀስ ግን አሥር፣ ሠላሳ፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ቮልት፣ ከዚያም ጋር በርካታ አምፒር ያስፈልጋል። ፓወር አምፕሊፋየሩ የገባለትን ቮልቴጅ በተለመደው አሠራር ከ20 እስከ 28 ጊዜ ያባዛል፤ ይህ በአምራቾች መግለጫ ላይ ከ26 እስከ 29 ዴሲቤል (የምልክትና የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ተብሎ ይጻፋል። ቮልቴጁን ማባዛት ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ፣ ስፒከሩ የቱንም ያህል ከረንት ቢስብ ያንን ቮልቴጅ ሳይወርድና ሳይዛባ ይዞ መቆየት ነው። በተራ አምፕሊፋየርና በከፍተኛ ደረጃ በተሠራ አምፕሊፋየር መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት በአብዛኛው የሚገኘው እዚህ ላይ ነው።

ስንት ዋት ይበቃል?

በስፒከራችሁ መግለጫ ላይ «ሴንሲቲቪቲ» የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ስፒከሩ በ2.83 ቮልት ሲነዳ በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል ድምፅ እንደሚሰጥ የሚናገር ቁጥር ነው። 2.83 ቮልት በ8 ኦም ስፒከር ላይ ልክ 1 ዋት ነው (ኦም ስፒከሩ ከረንትን የሚቃወምበት መጠን መለኪያ ነው)። በ4 ኦም ስፒከር ላይ ግን ያው ቮልቴጅ 2 ዋት ይሆናል፤ ስለዚህ የ4 ኦም ስፒከር በወረቀት ላይ ከእውነተኛው በ3 ዴሲቤል የበረታ ይመስላል። ሁለት ስፒከሮችን ስታወዳድሩ ይህን አትርሱ።

አሁን ምሳሌ እንውሰድ። ስፒከሮቹ 8 ኦምና 87 ዴሲቤል ናቸው፤ እናንተ የምትቀመጡት በ3 ሜትር ርቀት ላይ ነው። ርቀቱ ወደ 9.5 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ስፒከሮቹ ሁለት በመሆናቸው 3 ዴሲቤል ይመለሳል። በመሆኑም እያንዳንዱ ስፒከር 1 ዋት ሲያገኝ ጆሯችሁ ጋ የሚደርሰው 80 ዴሲቤል ገደማ ነው። የክፍሉ ግድግዳዎች ድምፅ ስለሚመልሱ በተግባር ከዚህ ትንሽ ይበልጣል፤ ሒሳባችን ወደ ጥንቃቄ ያደላ ነው ማለት ነው። 80 ዴሲቤል ለቤት ውስጥ ማዳመጫ ደህና የሚባል ከፍታ ነው። እና ይህ ሁሉ በ1 ዋት!

ታዲያ 100 ዋት ለምን ይገዛል? ሙዚቃ በአንድ ከፍታ ስለማይሄድ ነው። በጥንቃቄ የተቀዳ የኦርኬስትራ ሙዚቃ ከአማካይ ከፍታው እስከ 20 ዴሲቤል ድረስ ለቅጽበት ሊዘል ይችላል። 10 ዴሲቤል መጨመር አሥር እጥፍ ዋት ይጠይቃል፤ 20 ዴሲቤል ደግሞ መቶ እጥፍ። አማካዩ 1 ዋት የነበረው ሙዚቃ ከበሮው ሲመታ 100 ዋት ይፈልጋል። አማካዩን በ5 ዴሲቤል ብቻ ከፍ ካደረጋችሁት ጫፉ ከ300 ዋት ይሻገራል። በአንጻሩ በ87 ዴሲቤል ስፒከር ፋንታ 92 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር ቢኖራችሁ ያው 100 ዋት ወደ 32 ዋት ይወርዳል። ትልቅ አምፕሊፋየር ከመግዛት ይልቅ ስፒከር መለወጥ የሚያዋጣበት ጊዜ አለ የምለው ለዚህ ነው። በስቱዲዮ እጅግ ተጨቁኖ የተዘጋጀ ዘመናዊ ሙዚቃ ብቻ የሚያዳምጥ ሰው ደግሞ ጫፉ ከአማካዩ በ10 ዴሲቤል እንኳ ላይርቅ ስለሚችል በጣም ባነሰ ኃይል ደስ ብሎት ይኖራል።

ከዚህ የሚከተለው ሌላ ነገር አለ። ከ100 ዋት ወደ 150 ዋት መሸጋገር 1.8 ዴሲቤል እንኳ አይሞላም። እንዲህ ዓይነት ልዩነት ለማግኘት ሲባል ብዙ መጨመር አያስፈልግም። ዋት ለመጨመር የወሰነ ሰው ቢያንስ በእጥፍ፣ ቢቻል በአራት እጥፍ ይጨምር፤ አለዚያ ባለው ይርጋ።

ኃይሉ ሲያንስ የሚሆነው ግልጽ ነው። አምፕሊፋየሩ ሊሰጥ ከሚችለው ቮልቴጅ በላይ ሲጠየቅ የምልክቱ ጫፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቆረጣል። ያ መቆረጥ በመጀመሪያው ምልክት ውስጥ ያልነበሩ ቀጫጭን ድምፆችን ይፈጥራል፤ አማካይ ኃይሉም ይጨምራል። ለቀጭን ድምፅ የተሠራው ትንሹ የስፒከር ክፍል በቀላሉ የሚቃጠለው በዚህ ዓይነት ግፊት ነው። አነስተኛ አምፕሊፋየር ለስፒከር ደኅንነት ይሻላል የሚለው አስተያየት፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ለሚከፍት ሰው ተገላቢጦሽ ነው።

8 ኦም የተባለው ስፒከር 8 ኦም አይደለም

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። በስፒከር ጀርባ ላይ የተጻፈው 8 ወይም 4 ኦም አማካይ ግምት ነው። እውነተኛው ኢምፒዳንስ፣ ማለትም ስፒከሩ ከረንትን የሚቃወምበት መጠን፣ ከወፍራሙ ድምፅ ወደ ቀጭኑ ስንሄድ ይወጣል፣ ይወርዳል። 8 ኦም ተብሎ የተሸጠ ስፒከር በአንድ ቦታ 30 ኦም፣ በሌላ ቦታ 3.5 ኦም ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። የኦም ሕግ ደግሞ አይለወጥም፤ ኢምፒዳንሱ በግማሽ ሲወርድ የሚሳበው ከረንት በእጥፍ ይጨምራል።

በ8 ኦም 100 ዋት ለመስጠት 28.3 ቮልትና 3.5 አምፒር ይበቃል። ያው ቮልቴጅ በ4 ኦም ላይ 7 አምፒርና 200 ዋት፣ በ2 ኦም ላይ 14 አምፒርና 400 ዋት ይሆናል። መግለጫውን ስታነቡ የምትፈልጉት ይህንን ነው። ኦሙ በግማሽ በወረደ ቁጥር ዋቱ እጥፍ የሚሆን ከሆነ አምፕሊፋየሩ ጭነቱ ቢከብድም ቮልቴጁን አይለቅም ማለት ነው። በ8 ኦም 100፣ በ4 ኦም 130 ዋት የሚል መግለጫ ካያችሁ ግን የኃይል ምንጩ ወይም ከረንቱን ለስፒከሩ የሚያቀብሉት የመውጫ ትራንዚስተሮቹ ከዚያ በላይ መሄድ እንደማይችሉ ነግሯችኋል። የ2 ኦም ቁጥር ጭራሹን ካልተጻፈ ያም መልስ ነው።

በዚህ ረገድ ከታሪክ የሚጠቀሱ መሣሪያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ማርክ ሌቪንሰን ኤምኤል-2 በ8 ኦም የሚሰጠው 25 ዋት ብቻ ነበር፤ ነገር ግን በ4 ኦም 50፣ በ2 ኦም 100 ዋት ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 የተመሠረተው የክሬል ኩባንያም ስሙን የተከለው በወረቀት ላይ 50 ዋት ብቻ ሆኖ ከባድ ስፒከር ፊት የማያፈገፍግ ኬኤስኤ-50 የተባለ አምፕሊፋየር በመሥራት ነው። በ1980ዎቹ ይሸጥ የነበረው አፖጂ ሲንቲላ የተሰኘ ስፒከር ወደ 1 ኦም ይወርድ ስለነበር በርካታ አምፕሊፋየሮች ሊነዱት አልቻሉም። ዋት ብቻ የሚቆጥር ሰው ኤምኤል-2ን ያልፈዋል፤ አምፒር የሚቆጥር ግን ቆም ብሎ ያየዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በስፒከር ውስጥ ቮልቴጁና ከረንቱ ሁልጊዜ እኩል አይራመዱም፤ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል። ኢምፒዳንሱ ዝቅ ባለበት ቦታ ላይ ይህ መለያየትም ሰፊ ከሆነ የመውጫ ትራንዚስተሮቹ የሚሸከሙት ሙቀት በተራ ሬዚስተር ላይ ከሚለካው እጅግ ይበልጣል። አንዳንድ አምፕሊፋየሮች ራሳቸውን ለመጠበቅ ሲሉ ድምፁን የሚያሽመደምዱት ወይም የሚዘጉት በዚህ ጊዜ ነው። የስፒከራችሁን የኢምፒዳንስ ግራፍ ፈልጋችሁ ማየት ከአሥር የአድናቂ አስተያየት ይበልጣል። ግራፉ ከ4 ኦም በታች የማይወርድና ረጋ ያለ ከሆነ ምርጫችሁ ሰፊ ነው፤ ገንዘባችሁንም ለሌላ ነገር ማዋል ትችላላችሁ።

ዳምፒንግ ፋክተር እና ቲዩብ

ብዙ አምራቾች ዳምፒንግ ፋክተራችን (አምፕሊፋየሩ የስፒከሩን ሸራ የሚቆጣጠርበት መለኪያ) 1000 ነው ብለው ይኮራሉ። ቁጥሩ የሚገኘው 8 ኦምን ለአምፕሊፋየሩ የመውጫ ኢምፒዳንስ በማካፈል ነው፤ 1000 ማለት 0.008 ኦም ማለት ነው። 5 ሜትር ርዝመትና 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ገመድ ግን ሄዶ ሲመለስ ብቻውን 0.07 ኦም ይሆናል። ስለዚህ ከ100 ወይም ከ200 በላይ ያለው ቁጥር ለማስታወቂያ እንጂ ለጆሮ አይደለም።

ቁጥሩ በጣም ዝቅ ሲል ግን ልዩነቱ በደንብ ይሰማል። በትራንዚስተር ፋንታ ቲዩብ የሚባለውን የመስታወት ቱቦ የሚጠቀሙ ብዙ አምፕሊፋየሮች የመውጫ ኢምፒዳንሳቸው 1፣ 2፣ አንዳንዴም 3 ኦም ይደርሳል። የ2 ኦሙን እንውሰድና በ3 እና በ30 ኦም መካከል ከሚዋዥቅ ስፒከር ጋር እናገናኘው። ስፒከሩ 30 ኦም በሆነበት ቦታ ድምፁ በግማሽ ዴሲቤል ሲቀንስ 3 ኦም በሆነበት ቦታ ከ4 ዴሲቤል በላይ ይቀንሳል። ወደ 4 ዴሲቤል የሚጠጋ የቃና ለውጥ ማንም ሰው ይሰማዋል። ስለ ቲዩብ «ሙቀት» የሚነገረው ነገር ትልቁ ክፍል ይህ ይመስለኛል፤ አምፕሊፋየሩና ስፒከሩ ተጋግዘው የፈጠሩት የቃና ማስተካከያ ነው። ደስ ሊል ይችላል፤ ደስ ካላችሁም ልትገዙት መብታችሁ ነው። ግን ስፒከሩ ሲለወጥ ያ ደስታ አብሮ እንደሚለወጥ ዕወቁ። ጥቂት ዋት ብቻ የሚሰጠውን፣ 300ቢ በሚባለው ቲዩብ የተሠራ አምፕሊፋየር የሚመኝ ሰው ደግሞ ከ95 ዴሲቤል በላይ የሚሰጥና ኢምፒዳንሱ ከፍ ያለ ስፒከር አስቀድሞ ያግኝ።

እ.ኤ.አ. በ1985 የታየ አንድ ፈተና እዚህ ላይ ይነሳል። አሜሪካዊው የአምፕሊፋየር መሐንዲስ ቦብ ካርቨር፣ ዋጋው መካከለኛ የሆነ የራሱን የትራንዚስተር አምፕሊፋየር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአንድ እጅግ ውድ አምፕሊፋየር ጋር ድምፁን አንድ አደርገዋለሁ ብሎ ከአንድ የድምፅ መጽሔት ጋር ተወራረደ። የሁለቱን መሣሪያዎች ልዩነት እየለካ ያንን ልዩነት አጠፋ፤ የመጽሔቱ አድማጮችም መለየት አልቻሉም። ከፈተናው የምወስደው ትምህርት፣ የምንሰማው ልዩነት ሊለካ የሚችል ነገር መሆኑን ነው።

ክላስ ኤ፣ ኤቢ፣ ዲ

«ክላስ» የሚባለው የመውጫ ትራንዚስተሮቹ የሚሠሩበት ስልት ነው። በክላስ ኤ የመውጫ ትራንዚስተሮቹ ሙዚቃ ኖረም አልኖረም ሙሉ ከረንት ይዘው ይቆያሉ። አንዱ ትራንዚስተር ለሌላው ሲያስረክብ የሚፈጠረው መዛባት አይኖርም። ዋጋው ሙቀት ነው፦ በንድፈ ሐሳብ እንኳ ቢበዛ ግማሹን ኃይል ብቻ ለስፒከር ማድረስ ስለሚችል በየቻናሉ 50 ዋት የሚሰጥ እውነተኛ ክላስ ኤ ስቴሪዮ አምፕሊፋየር ዝም ብሎ ተቀምጦ ከ200 ዋት በላይ ይስባል። ክላስ ኤቢ ትንሽ ከረንት ብቻ እየያዘ የቀረውን ሲጠየቅ ይሰጣል፤ በደንብ ከተሠራ የርክክቡ መዛባት ከሚሰማው በታች ነው። ክላስ ዲ ደግሞ ትራንዚስተሮቹን በሰከንድ በመቶ ሺዎች ጊዜ እያበራ እያጠፋ ከዚያ በማጣሪያ ሙዚቃውን መልሶ ያወጣል፤ ከሚስበው ኃይል 90 በመቶና ከዚያ በላይ ለስፒከር ሊያደርስ ይችላል።

ክላስ ዲ ለወፍራም ድምፅ ብቻ ይሆናል የሚባልበት ጊዜ አልፏል። የቤልጂጉ መሐንዲስ ብሩኖ ፑትዜይስ ለሃይፔክስ ኩባንያ የሠራው ኤንኮር የተባለው ክላስ ዲ እና በኋላ በፑሪፋይ ኩባንያ የወጣው አይገንታክት በመዛባትም ሆነ በጸጥታ ረገድ ከምርጦቹ ክላስ ኤቢዎች ጋር የሚወዳደር መለኪያ አስመዝግበዋል። የቆዩ ክላስ ዲዎች ችግር ማጣሪያው የስፒከሩን ኢምፒዳንስ እየተከተለ ቀጭኑን ድምፅ መለዋወጡ ነበር፤ አዲሶቹ ከማጣሪያው በኋላ ያለውን ምልክት ወደ ኋላ መልሰው ስለሚያነጻጽሩ ይህን አጥፍተውታል። የዚህ ሐሳብ ሥር ሩቅ ነው። ሃሮልድ ብላክ የተባለው የቤል ቤተ ሙከራ መሐንዲስ የኔጋቲቭ ፊድባክን (የወጣውን ምልክት ወደ ኋላ መልሶ ከገባው ጋር በማነጻጸር ስሕተቱን የማረም) ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1927 በጀልባ ወደ ሥራ ሲሄድ መጣለትና በያዘው ጋዜጣ ላይ ጻፈው። ዛሬ ፊድባክን እንደ ነውር የሚቆጥሩ አምራቾችና አድማጮች አሉ፤ እኔ ግን በአግባቡ ከተሠራበት ለሙዚቃ ካገለገሉ ታላላቅ ግኝቶች አንዱ ነው እላለሁ።

በመዛባት ቁጥር ብዙ አትጨነቁ። 0.1 በመቶ ማለት መዛባቱ ከሙዚቃው በ60 ዴሲቤል ያነሰ ነው ማለት ነው፤ ስፒከሩ ራሱ በወፍራም ድምፅ ላይ ከዚህ በብዙ እጥፍ ያዛባል። ይበልጥ የማየው የራሱን የአምፕሊፋየሩን ሹክሹክታ ነው። 100 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ የሚሰጥ ስፒከር ያለው ሰው ሌሊት ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ የሚሰማው የመጀመሪያው ጉድለት ይህ ነው።

መግለጫው ላይ የሚደበቀው

የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ አምፕሊፋየር ዋት አገላለጽ ደንብ ያወጣው አምራቾች ለቅጽበት ብቻ የሚገኝን ኃይል እያጋነኑ ገዢን ግራ ስላጋቡ ነው። ዛሬም ቁጥሩ እንዴት እንደተለካ ጠይቁ። ሁለቱም ቻናሎች አብረው ሲሠሩ ነው? ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ነው ወይስ በ1,000 ኸርዝ ላይ ብቻ? በስንት በመቶ መዛባት? በ10 በመቶ መዛባት የተለካ 200 ዋት አስቀድሞ ጫፉ የተቆረጠ 200 ዋት ነው።

ሁለቱን ቻናል አንድ አድርጎ ኃይሉን ማብዛት ይቻላል የሚል ማብሪያ ማጥፊያ ካያችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። በዚያ አሠራር እያንዳንዱ ቻናል የሚያየው የስፒከሩን ግማሽ ኦም ነው። 4 ኦም የሆነ ስፒከር 2 ኦም ሆኖ ይከብደዋል፤ ብዙዎቹም ለዚህ አልተሠሩም። ሁለት የተለያዩ ሞኖ አምፕሊፋየሮች መግዛት ሌላ ነገር ነው፤ ጥቅሙ እያንዳንዱን ከስፒከሩ አጠገብ አስቀምጦ የስፒከሩን ገመድ ማሳጠር መቻሉ ነው።

ከፕሪአምፕሊፋየሩ ጋር መስማማቱንም በሒሳብ አረጋግጡ። 26 ዴሲቤል የሚያጎላ ባለ 100 ዋት አምፕሊፋየር ሙሉ ኃይሉን ለመስጠት 1.4 ቮልት ይበቃዋል። ከዲጂታል መቀየሪያችሁ 4 ቮልት እየወጣ 32 ዴሲቤል የሚያጎላ አምፕሊፋየር ብትገዙ የድምፅ መቆጣጠሪያውን ገና ስትነኩት ይጮሃል፤ የቀደመው መሣሪያ ሹክሹክታም አብሮ ይጎላል። የአምፕሊፋየሩ የመግቢያ ኢምፒዳንስ ከፕሪአምፕሊፋየሩ የመውጫ ኢምፒዳንስ ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን፤ የቲዩብ ፕሪአምፕሊፋየር ያላቸው ሰዎች ይህን ሳያዩ ገዝተው ወፍራሙ ድምፅ ሳስቶ ያገኙታል። ገመዱ ረጅም ከሆነ ምልክቱን በሁለት ተቃራኒ ሽቦዎች የሚያስተላልፈውን ባላንስድ መስመር በኤክስኤልአር መሰኪያ መጠቀም ከአካባቢ የሚገባውን ዝዝታ ይቀንሳል፤ አንድ ሜትር ለማይሞላ ርቀት ግን የተለመደው አርሲኤ መሰኪያ በቂ ነው።

ክብደትና ሙቀት የሚረሱ ነገሮች ናቸው። በውስጥ ያሉት፣ ኤሌክትሪክ የሚያከማቹት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ሙቀታቸው በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግምት በግማሽ ያጥራል። አምፕሊፋየሩን በተዘጋ ሳጥን ውስጥ መክተት ገንዘብ ማቃጠል ነው። ያገለገለ ዕቃ ስትገዙም ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠራ ክላስ ኤ ካፓሲተሮቹ የመለወጫ ጊዜያቸው ሳይደርስ እንደማይቀር ቆጥራችሁ፣ የሚለውጥላችሁ ባለሙያና መለዋወጫ ትራንዚስተር መኖሩን አጣርታችሁ ይሁን።

በመጨረሻ ማዳመጥ አለ። ማዳመጥ የሚጠቅመው ግን ከፍታው እኩል ሲሆን ነው፤ ጆሮ ትንሽ ከፍ ያለውን ሁልጊዜ የተሻለ አድርጎ ይሰማዋል። በመጠነኛ ከፍታ 400 ኸርዝ የሆነ የመፈተኛ ድምፅ አጫውታችሁ በስፒከሩ ማያያዣ ላይ ያለውን ቮልቴጅ በመልቲሜትር ለኩ፤ ሁለቱ አምፕሊፋየሮች ከ1 በመቶ በላይ እንዳይለያዩ አስተካክሉ፤ ያ ልዩነት 0.1 ዴሲቤል ያህል ነው። ከዚያ የትኛው እየሠራ እንደሆነ ሳታውቁ ሌላ ሰው እየለዋወጠላችሁ፣ በራሳችሁ ክፍል፣ በራሳችሁ ስፒከር፣ በደንብ በምታውቁትና ከባድ ወፍራም ድምፅ ባለው ሙዚቃ አዳምጡ። ልዩነቱን ከሰማችሁ የወደዳችሁትን ውሰዱ። ካልሰማችሁ ቀዝቀዝ ብሎ የሚሠራውን፣ ጸጥ ያለውንና ሲበላሽ የሚጠገነውን ምረጡ፤ የተረፈውን ገንዘብ ለተሻለ ስፒከር ወይም ለክፍሉ ድምፅ ማስተካከያ አድርጉት።